ጎበዝ ከሆነች ከማሳ ትወጣለች

ደሴ ያደገ ሰው የአገዳ ቆርቁርን የሚያውቀው በጥርሱ ነው። ጥቅምት ላይ ከሐርቡ በኩል የሚመጣውን ጥንቅሽ ሰኞ ገበያ ገዝቶ፣ ልጦ ሲነክሰው ውስጡ ቀልቷል፤ እንደ መጋዝ ብናኝ ያለ ነገር ሞልቶታል፤ አንዳንዴም ትሏ ራሷ ተኝታ ትገኛለች። እፍ ብሎ ይጥልና ወደ ቀጣዩ አንጓ ያልፋል። ለእኛ የአንድ አንጓ ኪሳራ ናት። ማሽላ ለዘራ ሰው ግን የዓመት እንጀራ ላይ የመጣች ናት።

አንዲት ወዳጄ ሥራዋ ይህቺው ትል ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ግብርና ደረሳት፤ ያን ቀን ቤታቸው ለቅሶ ቤት መስሎ ዋለ። (ደሴ ውስጥ ሕክምና የደረሰው ልጅ ቤት እልል ሲባል፣ ግብርና የደረሰው ቤት "አይዞሽ" ነው የሚባለው።) ሁለተኛ ዲግሪዋን በነፍሳት ጥናት ያዘችና በአንድ ወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆነች። አንድ ነሐሴ ላይ ሐረጎን ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን አብሬያት ማሳ ገባሁ።

እኔ ያየሁት ያማረ ማሽላ ነው። እሷ ቅጠሉ ላይ በመርፌ እንደተወጋ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሳየችኝ፤ ትሏ ገና እምቡጥ ሆኖ ተጠቅልሎ ሳለ በስታው፣ ሲዘረጋ ነው እንዲያ የሚሆነው። ጥቂት እንደሄድን መሃሉ የደረቀ አንድ አገዳ ያዘችና ሳብ ስታደርገው እሺ ብሎ ወጣ። በሰንጢ ሰነጠቀችው። ትሏ እዚያ ነበረች።

ባለማሳው ሽማግሌ "በይ መድኃኒቱን ስጪኝ የኔ ልጅ" አሏት።

"አያ፣ አሁን ገብታለች። አገዳው ውስጥ ከገባች መድኃኒቱ አያገኛትም። የአምናውን አገዳ ምን አደረጉት?"

እንደማንኛውም ሰው አቁመው ከምረውታል፤ ለከብት፣ ለማገዶ፣ ለአጥር። መጽሐፉ "አቃጥሉት" ይላል። እሷ አላለችም፤ የሰው መኖና ማገዶ እንዴት ይቃጠላል? ትሏ በጋውን ደረቁ አገዳ ውስጥ ተኝታ ከርማ፣ ዝናብ ሲመጣ የእሳት ራት ሆና እንደምትወጣ ነገረቻቸው። ዘንድሮ ሲቆረጥ መሬት ላይ አጋድመው ለአንድ ወር ያህል ፀሐይ ካስመቱት አብዛኛዋ እዚያው ትሞታለች፤ ከዚያ ወዲያ ይከመር። "አብሽሪ፣ ይሄማ ቀላል ነው" አሉ ሽማግሌው።

ይህን መልስ ፀረ ተባይ የሚሸጥ ሱቅ አይሸጠውም። "መድኃኒት ካለ ባለሙያ ምን ይሠራል?" የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ጊዜውን ያልጠበቀ ርጭት ትሏን ስቶ ጠላቷን ይገድላል። ትሏ ውስጥ እንቁላሏን ጥላ ልጆቿ እንዲበሏት የምታደርግ ደቃቅ ተርብ አለች፤ ከእስያ መጥታ በፈረንጆቹ 1993 ኬንያ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተለቀቀች፤ እኛ ጋ ማንም ሳይለቃት ራሷን አስፋፍታ ተገኝታለች። ያለ ደመወዝ የምትሠራ ባልደረባ ናት። መርጨት ብቻ የሚያውቅ ሰው አያያትም።

ወሎ ደግሞ ተባይ አጥቶ አያውቅም። ጤፍና ገብስ የሚፈጀው ደገዛ በተመራማሪዎች ዘንድ ስሙ የወሎ ፌንጣ ነው፤ አገራችን ወሎ በዓለም የነፍሳት መዝገብ የገባችው በዚህ መሆኑ ያሳዝናልም ያስቃልም። ክንፉ አጭር ስለሆነ አይበርም፤ እየተራመደ ነው የሚያጠፋው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች አገር ውስጥ ገባና በቆሎ ላይ ሰፈረ። ዱሮ የምናውቀው ተምች መስሏቸው የተዘናጉ ብዙ ነበሩ። ሁለቱን በዓይን መለየት የሚችል ሰው በየወረዳው ስንት አለ?

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ግን ስለ ነፍሳት የማያወራ አልነበረም። የበረሃ አንበጣ መጥቶ ማሽላና ጤፍ ሊታጨድ ሲል ወረደበት። ሰው በጅራፍ፣ በቆርቆሮ ጩኸት፣ በጥይት ሳይቀር ተከላከለ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። በፈረንጆቹ 1958 ኢትዮጵያ ውስጥ 167,000 ቶን እህል በልቷል፤ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ማለት ነው። ያን ሰሞን የነፍሳት ባለሙያ በየቴሌቪዥኑ ይፈለግ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አንበጣ ድንገት ከሰማይ አይወርድም። ኡቫሮቭ የተባለ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1921 እንዳሳየው፣ በደረቅ ዓመት ብቻውን የሚኖረው ጉዳት የለሽ አንበጣና አገር የሚያጠፋው መንጋ አንድ ዓይነት ነፍሳት ናቸው፤ ዝናብ አግኝቶ ሲበዛና ሲጨናነቅ ነው መልኩም ጠባዩም የሚለወጠው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ወሬ በሌለበት ዓመት እየዞሩ ማየት ነው። ያን ዓመት ደግሞ ማንም አያጨበጭብም።

ወዳጄ ስምንት ዓመት ማሳ ለማሳ ዞረች። ጎበዝ ስለነበረች አምና ቡድን መሪ አደረጓት። ደመወዟ ከፍ የሚልበት ሌላ መንገድ አልነበረም። አሁን የማዳበሪያ ሥርጭት ሪፖርት ታጠናቅራለች፤ ስብሰባ ትገባለች፤ ዘመቻ ሲታወጅ ዝርዝር ትሞላለች። እናቷ "አሁን ገና ሰው ሆነች" ብለው ቡና አፈሉ። የበደላት አለቃ የለም፤ የደረጃው መሰላል ራሱ ከማሳ ወደ ወንበር እንጂ ወደ ሌላ አይወጣም። በእሷ ቦታ የገባው ልጅ ትጉህ ነው፤ ግን እሷ የደረሰችበት ለመድረስ ስምንት ዓመት ይፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ እሱም ይሾማል።

እኔ የምለው ውስብስብ አይደለም። ማሳ የሚያነብ ባለሙያ ማሳ ላይ እያለ የቡድን መሪ ደመወዝ ያግኝ፤ የሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን አይቆረጥበት። አንድ ሐኪም ጎበዝ ስለሆነ በሽተኛ ማየት ይተው አንልም።

ባለፈው ኅዳር ለስብሰባ ደሴ መጥታ ሰኞ ገበያ አብረን ወጣን። ጥንቅሽ ገዛሁ። እኔ ቀልቶ ያገኘሁትን አንጓ ልጥል ስል ከእጄ ወሰደችው፤ በጥፍሯ ሰንጥቃ ወደ ብርሃን አዞረችውና "ይሄ ከየት ነው የመጣው?" ብላ ሻጯን ጠየቀቻት።