250 ሺህ ዶላሩ የሹፌሩ ኪስ አይገባም

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ትራክ የሚነዳ ሰው ያለ ዲግሪ በዓመት 250 ሺህ ዶላር ኪሱ ያስገባል» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ። ዲግሪ አለመጠየቁ እውነት ነው፤ የሚጠየቀው ሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነው። እሱም ቢሆን ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ጀማሪ በተመዘገበ ማሰልጠኛ ሳይማር አያገኘውም።

ስህተቱ ቁጥሩ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ የራሱ መኪና ያለው ሰው ወጪው ሳይቀነስ የሚቆጥረው ጠቅላላ ገቢ (ግሮስ) ነው። በሳምንት 2,500 ማይል ነዳ እንበል። መኪናው በጋሎን 6.5 ማይል ቢሄድ፣ ናፍጣው 4 ዶላር ቢሆን፣ ነዳጁ ብቻ ከ1,500 ዶላር በላይ ይበላል። የመኪናው ክፍያ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማው፣ ጭነት የሚያገኝለት ሰው (የዲስፓቸሩ) ፐርሰንት ገና አልተነካም። ለራሱ ስለሚሠራም ከትርፉ ላይ 15.3 በመቶ ገደማ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ግብር አለበት፤ የገቢ ግብሩ ሌላ ነው። (ሞተር የተበላሸ ቀንማ አትጠይቀኝ።)

ተቀጥሮ የሚነዳውስ? በአሜሪካ መንግሥት የ2024 አኃዝ መሠረት ግማሾቹ የከባድ መኪና ሹፌሮች በዓመት ከ57,440 ዶላር በታች ነው የሚያገኙት። ያውም በቀን ቢበዛ ለ11 ሰዓታት መሪ ይዘው፣ ረጅም መንገድ የሚሄዱትማ ሌሊቱን ከመቀመጫው ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ አድረው።