ምክር ገዝተው ለሚያስቀምጡ ሁሉ ምስጋና ይድረስ

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ቢል መከራ ይምከረው» ያሉ አባቶች የኖሩት ምክር በነጻ በሚሰጥበት ዘመን ነው። ዛሬ ሥልጣኔ ገብቷል። ሰው ውል ተፈራርሞ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ የቴክኖሎጂ አማካሪ አስመጥቶ ነው እምቢ የሚለው። በነጻ የተሰጠን ምክር አለመስማት ማንም ይችለዋል፤ በቀን ተመን የተገዛን ምክር አለመስማት ግን አቅም ይጠይቃል። ይህን አቅም ላስመሰከሩት ትንንሽና ትልልቅ ድርጅቶች ምስጋና ሳይቀርብ መቅረቱ ነውር ነበርና እነሆ።

ቅድሚያ ለታናሾቹ። ከሃያ ሠራተኛ የማይበልጥ ድርጅት የሚደነቅበት አንደኛው ነገር ፍጥነቱ ነው። የግዢ ክፍል የለ፣ ኮሚቴ የለ፤ ባለቤቱ ስልክ ያነሣል፣ «አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች» ይላል፣ ሥራው ተጀመረ። ትንሿ ነገር ምን እንደሆነች አይጻፍም፤ ብትጻፍማ ታልቅ ነበር። ያልተጻፈች ትንሽ ነገር ሰኞ ፕሪንተር ናት፣ ረቡዕ ኢሜይል ናት፣ ዓርብ ማታ ደግሞ የባለቤቱ ልጅ ላፕቶፕ ናት። አንዳንድ ክፉ አማካሪዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ያመጣሉ። የሚሠራው ተዘርዝሯል፣ የማይሠራው ተዘርዝሯል፣ ከሥሩ የሰዓቱ ብዛትና ከዚያ ለሚተርፈው የሚከፈለው ሰፍሯል፤ ግማሹ ክፍያም በቅድሚያ ይላሉ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዴት ተደርጎ ቤተሰብ መሆን ይቻላል?

ዶሜይኑን እንይ። የድርጅቱ ድረ ገጽም ኢሜይልም የተንጠለጠለበት ስም የተመዘገበው በድርጅቱ ስም እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት ድረ ገጹን ሠርቶ በሄደው ልጅ ስም፣ በልጁ የግል ኢሜይል፣ ጊዜው ሊያልፍ በተቃረበ የባንክ ካርድ ነው። የእድሳት ማሳሰቢያው በሰዓቱ ይላካል፤ ለልጁ። አማካሪው ገና በመጀመሪያው ቀን «ምዝገባውን ወደ ድርጅቱ እናዙረው፣ ማሳሰቢያው ለሁለት ሰው ይድረስ፣ ከሁለቱ አድራሻ አንዱ በዚሁ ዶሜይን ላይ የተመሠረተ አይሁን» ይላል። ባለቤቱ በትሕትና ያዳምጣሉ፣ «ልክ ነህ» ይላሉ፣ ፕሪንተሩን ያሳዩታል።

ቀኑ ሲያልፍ ድረ ገጹ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ኢሜይሉም አብሮ ይሄዳል፤ የይለፍ ቃል ማደሻው መልእክት የሚገባበት ሳጥንም ከእሱ ጋር። በዶት ኮም ስሞች መዝጋቢው ስሙን ከሰረዘው በኋላ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ ክፍያው ከተራው እድሳት ብዙ እጥፍ ነው። ከዚያ ለ5 ቀን ስሙን ማንም አይነካውም፣ ከዚያ በኋላ ለቀደመ ነው። ደግሞ ማፈር አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 የኢሜይል አገልግሎቱ የሆትሜይል ደንበኞች የሚገቡበትን የፓስፖርት ዶት ኮምን ክፍያ ረስቶ መግባት ሲያቅታቸው፣ 35 ዶላሩን የከፈለለት የኩባንያው ሠራተኛ ያልሆነ አንድ ፕሮግራመር ነው። ከታላላቆች ጋር በስሕተት መመሳሰልም መመሳሰል ነው።

የመጠባበቂያ ቅጂው ነገር ግን ለብቻው ውዳሴ ይገባዋል። «ባክአፕ አለን ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ባለቤቱ በኩራት ወደ ጠረጴዛው ሥር ይጠቁማሉ። እውነትም አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰርቨር ከሚባለው ኮምፒውተር ጋር ዓመቱን ሙሉ እንደተሰካ ተቀምጧል። ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ፕሮግራም፣ የገባ ቀን ፕሮግራሙ ይህ ዋናው ነው፣ ያ መጠባበቂያው ነው ብሎ አይለይም፤ ሊጽፍበት የሚችለውን ድራይቭ ሁሉ ይቆልፋል። ሌባም ቢገባ ሁለቱን በአንድ ቦርሳ ይዞ ይወጣል። አማካሪው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ፣ ቢያንስ አንዱም ከኔትወርኩ የተነቀለ ይሁን ብሎ ሲጨነቅ ማየት ያሳዝናል። ሰውየው የዲስኩ መብራት ብልጭ ሲል አላየም መሰለኝ።

መብራቱ ብልጭ እያለ የሚሆነውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። የሂሳብ ፕሮግራሙ ሌሊቱን ሳይዘጋ ስለሚያድር ቅጂው ሲወሰድ የዳታቤዙ ፋይል ይዘለላል፤ የሚቀዳው ፎቶና ደብዳቤ ነው። ወይም ዲስኩ ሞልቷል። ወይም አንድ ሰው የአድሚኑን የይለፍ ቃል ቀይሮ ቅጂ የሚወስደው ሥራ አሮጌውን ይዞ በየሌሊቱ ይሞክራል፣ በየሌሊቱ ይከሽፋል፤ የክሽፈቱ ማስታወቂያ የሚሄደው ከሥራ ወደ ለቀቀች ጸሐፊ ነው። ይህን ሁሉ የሚያጋልጠው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ በየሦስት ወሩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ቅጂውን መመለስ፣ ፕሮግራሙን ከፍቶ የትናንቱን ሂሳብ መፈለግ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መጻፍ። ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን ደግሞ ከየት ይመጣል? ጊትላብ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው ዋናውን ዳታቤዝ በስሕተት ሲሰርዝ፣ ዘረጋኋቸው ያላቸው አምስት የቅጂ ዘዴዎች አንዳቸውም በወጉ እንደማይሠሩ በዚያው ዕለት ደረሰበት። ያዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ሌላ ቅጂ ነበር። ይህን ራሱ በይፋ ጽፎ አሳተመ፤ ይህ ግን ትልቅ ብልግና ነው፣ አንመክረውም።

ስለ ኤክሴል ብዙ አልልም። መላው ድርጅት በአንድ ፋይል ላይ መቆሙ የአንድነት ምልክት ነው። የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ምርመራ ውጤቶችን 65,536 ረድፍ ብቻ በሚይዘው በአሮጌው የፋይል ዓይነት ሲያስተላልፍ ወደ 16,000 የሚጠጉ ሰዎች ከቆጠራ ውጭ ሆነውበታል። ታናሹ ድርጅት ያን ያህል ደንበኛ ስለሌለው ፋይሉን የሚያጠፋበት ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ያገኛል።

ወደ ታላላቆቹ ስንሻገር ልማዱ ማዕረግ ይጨምራል። ታናሹ ድርጅት ምክሩን እንዲሁ ይረሳዋል። ትልቁ ግን በቃለ ጉባኤ አስይዞ፣ በሦስት ፊርማ አጽድቆ፣ መዝገብ ቁጥር ሰጥቶ ነው የሚረሳው።

አማካሪው ገና ከበሩ ሲደርስ አቅራቢ ሆኖ ይመዘገባል። በመቶ የሚቆጠር ረድፍ ያለው መጠይቅ ይላክለታል። ብቻውን የሚሠራ ሰው «የመረጃ ደኅንነት ክፍላችሁ ስንት ሠራተኛ አለው?»፣ «ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቢለዩ ተተኪው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ራሱን በራሱ እንደሚተካ ጽፎ ይልካል። መልሱን የሚያነብ ሰው ስለሌለ ያልፋል።

ቀጥሎ መግቢያው ነው። ላፕቶፑ አልደረሰም። ላፕቶፑ ሲደርስ አካውንቱ የለም። አካውንት የሚጠየቀው ፖርታል በሚባለው የድርጅቱ የውስጥ ድረ ገጽ ነው፤ ፖርታሉ ውስጥ ለመግባት አካውንት ያስፈልጋል። ጥያቄውን በምትኩ የሚያስገባለት የክፍል ኃላፊ ፈቃድ ላይ ናቸው። ከውጭ ወደ ኔትወርኩ የሚያስገባው ቪፒኤን ሌላ ቅጽ፣ ሎጎቹን (ሲስተሙ የሚመዘግባቸውን ክንውኖች) ማንበብ ሌላ ቅጽ፣ የሁለተኛው ቅጽ አጽዳቂ ደግሞ የመጀመሪያውን አጽዳቂ ፈቃድ ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቀን ተመኑ እየቆጠረ ነው። አንድ ስልታዊ አማካሪ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሚያስፈልጉትን መብቶች ዘርዝሮ፣ «በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሰጡኝ የመጠበቂያው ቀን ይከፈላል» ብሎ ያስፈርማል። ድርጅቱ ያለ ቅሬታ ይፈርማል፣ ያለ ቅሬታ ይከፍላል። ቸርነት ማለት ይህ ነው።

ከዚያ የጥናት ምዕራፍ የሚባለው ይመጣል። አማካሪው ሠራተኞቹን እየዞረ ያነጋግራል። የማታ ተረኛው የሲስተም ባለሙያ «ለአደጋ ጊዜ የተያዘው ሁለተኛው ዳታ ሴንተር ሙሉውን ጭነት ተሸክሞ አያውቅም» ብሎ ይነግረዋል። ይህንኑ ለአለቆቹ ደጋግሞ ተናግሮ «አፍራሽ» የሚል ስም አትርፏል። አማካሪው ቃሉን እንዳለ ወስዶ ስላይድ ላይ ያሰፍረዋል፣ ዙሪያውን ሰማያዊ ሣጥን ያደርግለታል። አዳራሹ ይደነቃል። ከውስጥ ሲነገር ቅሬታ የነበረው ከውጭ ሲነገር ግኝት ይሆናል፤ የዋጋው ልዩነት የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ግኝቱ ግን እንደተወለደ አይቀርም፤ ያድጋል። በመጀመሪያው ረቂቅ «የአደጋ ጊዜ ሥርዓቱ ተሞክሮ አያውቅም፤ ቢወድቅ አገልግሎቱ ይቆማል» ይላል፤ ቀለሙ ቀይ ነው። የሕግ ክፍሉ ካየው በኋላ «በአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ረገድ ክፍተቶች ይስተዋላሉ» ሆኖ ቢጫ ይለብሳል። ለዓብይ ኮሚቴው በቀረበ ጊዜ «አበረታች ጅምሮች ያሉ ሲሆን ይበልጥ ለማጠናከር ምቹ ሁኔታ አለ» ይላል፤ አረንጓዴ። ማን ይሥራው የሚለው ሰንጠረዥም ይዘጋጃል፤ «የሚማከሩ» በሚለው ዓምድ ስም አላልቅ ይላል፣ «የሚሠራው» በሚለው ዓምድ አንድ ቃል ብቻ አለ፦ «ቡድኑ»።

በዚህ ሥርዓት የማይስማሙ ሁለት ምሳሌ ይጠቅሳሉ። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲሱን ሶፍትዌር ከስምንት ሰርቨር በሰባቱ ላይ ጭኖ አንዱን ዘለለው፤ የተዘለለው ሰርቨር አሮጌ ኮድ አስነሥቶ በ45 ደቂቃ ያህል ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው። የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱት ሒሳባቸውን ማየት አቃታቸው፤ በ2022 መጨረሻ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። እንግዲህ ስምንቱንም ሰርቨር የሚቆጥር ሌላ ሰው ይመደብ፣ ከመዛወሩ በፊት እውነተኛው ጭነት ይሞከር ሊሉን ነው። ይህ ምቀኝነት ነው። ሰባት ከስምንት በየትኛውም ፈተና የሚያሳልፍ ውጤት ነው።

የሚሰሙት ምክር ግን የለም ማለት አይቻልም። የይለፍ ቃል በየ90 ቀኑ ይቀየር የሚለውን ሁሉም በታማኝነት ይፈጽማሉ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር አያስፈልግም፣ መቀየር ያለበት መሰረቁ ሲታወቅ ነው ብሏል። ሰው ሲገደድ መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ከፍ ከማድረግ በቀር ምንም እንደማያደርግ ስለታወቀ ነው። ታላላቆቹ ግን የተሻረን ምክር አጥብቆ በመያዝ አዲሱን አለመስማታቸውን ያካክሳሉ። በየጊዜው መታደስ ላለበት ለሰርቨር ሰርተፊኬት፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት ለሚያረጋግጠው ዲጂታል ማስረጃ ግን፣ ቀን የሚቆጥርለት የለም፤ የማይክሮሶፍት የስብሰባና የመልእክት አገልግሎት ቲምስ እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2020 የቆመው በዚሁ ነበር። የሰርተፊኬት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወስኗል። ቀድሞ በዓመት አንዴ ይረሱት የነበረውን ያኔ በዓመት ስምንት ጊዜ ያህል መርሳት ይችላሉ።

ስለ ክፍያ አንድ ሁለት ነገር፣ ለጀማሪ አማካሪዎች። ታናሹ ድርጅት ወይ ያኔውኑ ይከፍላል ወይ «እንተሳሰባለን» ይላል፤ ሁለተኛው ቃል ቀን የለውም። ትልቁ ቀን አለው፤ 60 ወይም 90። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ግን የክፍያ መጠየቂያው፣ ኢንቮይሱ፣ ከተላከበት አይደለም፣ ተቀባይነት ካገኘበት ነው። የግዢ ትዕዛዝ ቁጥሩ ካልተጻፈበት ይመለሳል፣ ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል። ትዕዛዙ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ከተዘጋ ደግሞ አዲስ ትዕዛዝ፣ አዲስ ፊርማ። ስለዚህ የአራት ወር ወጪውን በእጁ ያልያዘ አማካሪ በታላላቆቹ ደጅ ባይቆም ይሻለዋል፤ ሊቆም ከወደደም ሥራውን ከፋፍሎ በየወሩ ኢንቮይስ ይላክ።

የእኛን የአማካሪዎቹን ድርሻ መዝለልም ውለታ መርሳት ነው። ሊሸጥ የሚመጣው የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ሊሠራ የሚመጣው ባለፈው ወር የተቀጠረው ልጅ። ሪፖርቱ የትም ይጀምር፣ የሚያልቀው «ሁለተኛ ምዕራፍ ያስፈልጋል» በሚለው ነው። በታናሾቹ ዘንድ ደግሞ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በራሱ ስልክ ላይ ይዞ የሚሄድ አማካሪ አለ፤ ደንበኛው እንዳይርቀው ከፍቅር የተነሣ ነው። የርክክብ ሰነድ የሚባለውን፣ ማለትም የአካውንቶቹን ዝርዝር፣ የእድሳት ቀኖቹን፣ ቅጂው እንዴት እንደሚመለስ በቅደም ተከተል የጻፈውን ትቶ የሚሄድ ሰው በዚህ ሙያ ብዙ አይቆይም። ማን መልሶ ይጠራዋል?

የትልቁ ድርጅት ዓብይ ኮሚቴ በቅርቡ ደግሞ ያለፈው ሪፖርት ምክሮች ለምን እንዳልተፈጸሙ የሚያጠና ሌላ አማካሪ እንዲቀጠር በሙሉ ድምፅ ወስኗል። አዲሱ አማካሪ የአቅራቢ መጠይቁን ሞልቶ ልኳል። የቀደመውን ሪፖርት ለማንበብ ግን ፖርታሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ ቅጹን የሚያጸድቁት ኃላፊ ፈቃድ ላይ ናቸው።