የውሃ ጦርነት ሊቃውንታችንን ዕድሜ ይስጥልን

የሰፈራችን ቧንቧ ከተንጠባጠበ ዘጠኝ ቀኑ። ግን ምን ያስጨንቃል? ሊቃውንት ሞልተውናል! ደብረ ማርቆስ የፈለጋችሁት ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ እዘዙ። ማኪያቶው ሳይደርስ በአባይ ጦርነት ይከፈታል።

የቅዳሜው ሊቅ ግን ከሁሉም ይለያል። ስኒውን ካይሮ አደረገው። የስኳሩን ዕቃ ካርቱም። የኔን ስልክ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ህዳሴ ግድብ። ማንኪያዋ ሰከላ ሆነች፤ ግሽ አባይ ከኛው ጎጃም ናታ! ከዚያ አምቦ ውሃዬን አነሳና ጠረጴዛው ላይ ለቀቀው። "ይኸውላችሁ አባይ!" እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1959ኙን ስምምነት አነሳ። ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ለሱዳን 18.5፣ ለኛ ባዶ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1979 ግብፅን ዳግም ጦርነት የሚያስገባት ውሃ ብቻ ነው ማለታቸውንም አልረሳ። ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት ሜሶፖታሚያ ወረደ፤ ላጋሽና ኡማ የሚባሉ ከተሞች በመስኖ ውሃ የተዋጉትን እንደ ዓይን ምስክር ተረከልን። "ቀጣዩ የዓለም ጦርነት በውሃ ነው!" ብሎ ጠረጴዛውን ሲደልቀው አባይ ሞላ። ግድቤን አጥለቀለቀ፣ ካርቱምን አሟሟ፣ ካይሮን ዞሮ ሜዲትራኒያን ገባ። ሜዲትራኒያኑ የኔ ሱሪ ነበር።

ሊቁ ሽንት ቤት ደርሶ ተመለሰ። "አንቺ ልጅ! የእጅ ውሃ እንኳ የላችሁም?" በጆግ አስታጠበችው። ቀዘቀዘኝ አለ።

"ጋሼ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቦኖ ተሰልፌ የቀዳኋት እኮ ናት።"

አልሰማትም። ስለ ቱርክ ግድቦች ጀምሮ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ይቅር። ሃያ ሊትር ጀሪካን ያጎበጣቸው ሴት ልጆች ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። ሐሙስ ሌሊት ሁለት እናቶች በተራ ተጣልተው ነጠላ ተቀዳደዱ። ጦርነቱ እኮ እዚያ ነው! ከነዚህ የካፌ ጀግኖች አንድም ሰው እዚያ አላየሁም። ሚስት ልከው ተኝተዋል። ቧንቧው ለምን እንደደረቀ በስብሰባ እጁን አውጥቶ የጠየቀም የለም። አሳፋሪዎች!

ይቅርታ፣ ሊቃውንትን ማክበር ይገባል። ለመጪው ቅዳሜ ጤግሮስና ኤፍራጥስን ቀጥሮናል። ወንዞቹ ሁለት ስለሆኑ ሁለት አምቦ እንድገዛ ታዝዣለሁ።