የኩዊንን ክሊፖች አትቁረጡብን

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ኩዊን የቪዲዮ ክሊፖቹን በዲቪዲ ሰብስቦ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ስብስቡ «ግሬተስት ቪዲዮ ሂትስ» ይባላል። ሁለተኛው ክፍል በ2003 ወጣ። ሦስተኛው ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ በዚያው ቀረ። አድናቂዎች ግን ስለነዚህ ሁለት ዲቪዲዎች መከራከራቸውን አላቆሙም። አንዱ ድምፁን አወድሶ አይጠግብም። ሌላው ምስሉ ተበላሽቷል ብሎ ያዝናል። ሌላው ደግሞ «የመጨረሻዎቹ ክሊፖች የት ገቡ?» እያለ ይጠይቃል።

ከውጭ ሆኖ ለሚሰማው ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የተጋነነ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ቅሬታ ካላቸው ወገን ነኝ። ልክ ናቸው ብዬም አምናለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ክሊፕ የሚሠራው ለያኔው ቴሌቪዥን ነበር። የያኔው ስክሪን ወርዱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3 ነው፤ ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ አራት ማዕዘን የተጠጋ። በ2002 ደግሞ 16 በ9 የሆኑት ሰፋፊ ቴሌቪዥኖች ወደ አውሮፓ ቤቶች መግባት ጀምረው ነበር። የድሮውን ምስል በአዲሱ ስክሪን ላይ እንዳለ ካሳዩት ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አዘጋጆቹ ይህን አልወደዱትም። በመጀመሪያው ዲቪዲ ላይ አብዛኞቹን ክሊፖች ከላይና ከታች ቆረጧቸው። ስክሪኑም ሞላ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። 4 በ3 የሆነ ምስል ጎኑ ሳይነካ 16 በ9 እንዲሆን ከቁመቱ ሩቡ መነሳት አለበት። ሩብ ማለት ቀላል አይደለም። በአውሮፓው የቴሌቪዥን ሥርዓት አንድ ምስል 576 የሚታዩ መስመሮች አሉት። ሩቡ ሲወጣ 432 ይቀራሉ። እነዚያም ተለጥጠው ሙሉውን ስክሪን መሸፈን ይኖርባቸዋል። ተመልካቹ የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው። አንድም ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ያስገባው ነገር ይቀርበታል፤ አንድም የተረፈው ይደበዝዝበታል። የቤተሰብ ፎቶ ለአዲሱ ክፈፍ አልመጥን ሲል የአያቱን ግንባር የሚቆርጥ ሰው የለም። ክፈፉን ነው የሚቀይረው።

ደግሞ የማን ክሊፕ እንደሆነ እናስታውስ። ክሊፕ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለሌሎች ባንዶች ካሳዩት መካከል ኩዊን ከፊት ነው። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የተቀረጸው በኅዳር 1975 ኤልስትሪ በሚባለው ስቱዲዮ ነው። ዳይሬክተሩ ብሩስ ጋወርስ ነበር። ቀረጻው አራት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ አምስት ሰከንድ የሚቀረው ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ በድምፅ ላይ ድምፅ እየተደራረበ የተሠራ የኦፔራ ክፍል አለው። ያንን ለቢቢሲው የሙዚቃ ፕሮግራም ለ«ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» መድረክ ላይ ቆሞ አፍን ብቻ በማንቀሳቀስ ማቅረብ አይሆንም። ባንዱም በዚያ ሰሞን ለኮንሰርት ጉዞ ላይ ነበር። ስለዚህ ክሊፕ ሠርተው ላኩ። ዘፈኑ በእንግሊዝ ለዘጠኝ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

በዚያ ክሊፕ የአራቱ ፊት ከጨለማ ውስጥ ብቅ ይላል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሁለቱ ከጎንና ከጎን። ከዚያ በፊት በ1974 ፎቶግራፍ አንሺው ሚክ ሮክ ለሁለተኛ አልበማቸው ሽፋን ያነሳው ፎቶ ነው ሕይወት የዘራው። ፊቱ እየተባዛ የሚሄድበት ብልሃት የተገኘው በሌንስ ነው። ማለቂያ የሌለው መስሎ የሚርቀው ምስል ደግሞ ካሜራውን የራሱን ምስል ወደሚያሳየው ሞኒተር በማዞር የመጣ ነው። ኮምፒውተር የለም። ሁሉም እዚያው፣ በዚያው ምሽት የተሠራ ነው። ያን የመሰለ ምስል ከላይና ከታች ሲቆረጥ ምን እንደሚተርፍ አስቡት። አራቱን ሰዎች ወደላይና ወደታች የደረደራቸው ሰው ለቁመቱ አስቦ ነው የደረደራቸው።

ሌላም ነገር አለ። በፊልም የተቀረጸ ሥራ ከዓመታት በኋላ እንደገና ስካን ቢደረግ ያልታየ ጥራት ይወጣዋል። እንደ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» በቪዲዮ ቴፕ የተቀረጸው ግን ያለው ያው ያለው ብቻ ነው። ከ576 መስመር በላይ ከየትም አይመጣም። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ መቀስ የሚያነሳ ሰው እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባል። ይህ ክሊፕ በሐምሌ 2019 በዩቲዩብ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ታየ። ከ1990 በፊት ከተሠሩ ዘፈኖች እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ነው። ሕዝቡ ድሮ በጠባብ ስክሪን የተሠራውን ጠልቶ አልሸሸም።

የሌላኛው ወገን ክርክርም አለ። «ክሊፕ ለማስታወቂያ የተሠራ ነው፤ ዋናው ዘፈኑ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች «ሬዲዮ ጋ ጋ»ን ደግመው ቢያዩት ደስ ይለኛል። በዴቪድ ማሌት ዳይሬክተርነት የተሠራ የ1984 ክሊፕ ነው። በ1927 ከተሠራው የፍሪትዝ ላንግ ፊልም ከ«ሜትሮፖሊስ» የተወሰዱ ትዕይንቶች አሉበት። ነጭ የለበሱ ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ እየዘረጉ አንድ ላይ ያጨበጭባሉ። ተዋናዮች አይደሉም። ከአድናቂዎች ማኅበር የተጠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

ከዓመት ተኩል በኋላ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1985፣ ላይቭ ኤይድ መጣ። ያ ኮንሰርት ለእኛ ወገኖች የተዘጋጀ ነበር። በ1984 መጨረሻ ከኮረም የወጣው የረሃብ ምስል ዓለምን አስደንግጦ፣ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ሌሎች ዘፋኞችን አሰባስቦ፣ በወሎና በትግራይ ለተራበው ሕዝብ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም 72,000 ያህል ሰው ተገኝቷል። ኩዊን መድረኩን ይዞ የቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። «ሬዲዮ ጋ ጋ» ሲዘፈን ስታዲየሙ በሙሉ እጁን ዘርግቶ አጨበጨበ፤ ልክ እንደ ክሊፑ። ያ ሕዝብ ኩዊንን ብቻ ሊያይ የመጣ አልነበረም። ማጨብጨቡን ማንም አላስጠናውም። ከቴሌቪዥን ነው የተማረው። ዛሬ ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው እነዚያን እጆች ነው። ክሊፑ ባይኖር አይኖሩም ነበር። ስለዚህ ክሊፑ የዘፈኑ መጠቅለያ ነው የሚለውን አልቀበልም።

እዚህ ላይ የስብስብ ጥቅም ይታያል። ከላይቭ ኤይድ በኋላ ባንዱ በዚያው ዓመት «ዋን ቪዥን»ን ሠራ። ክሊፑ የተቀረጸው ሙኒክ ውስጥ፣ ዘፈኑን በሚቀዱበት ስቱዲዮ ነው። መጀመሪያው ላይ አራቱ ፊቶች እንደ 1975ቱ ተደርድረው ይታዩና ወደ 1985ቱ አራት ሰዎች ይለወጣሉ። ቦሄሚያን ራፕሶዲን ቀድሞ ያላየ ሰው ይህ ምንም አይለውም። ቀድሞ ያየው ግን አሥር ዓመት በአንድ ጊዜ ሲያልፍ ያያል። ባንዱ ክሊፖቹን እርስ በርስ ያነጋግራቸው ነበር። ዩቲዩብ ላይ እዚህም እዚያም አንድ አንድ እያነሳን ስናይ ይህ ይጠፋል። በቅደም ተከተል የተሰናዳ ስብስብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንዳንድ አድናቂዎች ደካማዎቹ ክሊፖች ይውጡ ይላሉ። ምርጦቹ ብቻ ይቅሩ ይላሉ። አልስማማም። «አንደር ፕሬዠር» ላይ ከባንዱም ሆነ አብሯቸው ከዘፈነው ከዴቪድ ቦዊ አንድም ሰው አይታይም፤ የሚፈርሱ ሕንፃዎች፣ የተጨናነቁ ባቡሮችና የድሮ ድምፅ አልባ ፊልሞች ቁርጥራጭ ነው። ሰብስቦ ለመቅረጽ ስላልተቻለ የመጣ መፍትሔ ነው። ይህን ከስብስቡ ማውጣት ይቻላል? «አይ ዋንት ቱ ብሬክ ፍሪ»ስ? በእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ ሊቀልዱ አራቱም የሴት ልብስ ለብሰው የተቀረጹበት ክሊፕ ነው። በአገራቸው ሰው ሳቀበት፣ ወደደው። በአሜሪካ ግን የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ አላሳይም አለ፤ ባንዱም እዚያ የነበረው ተቀባይነት ተጎዳ። ያንን ክሊፕ ከታሪካቸው ነጥለህ ስለ 80ዎቹ ኩዊን ማውራት አትችልም። የወደድነውም ያልወደድነውም አብሮ ይቀመጥ።

ለዲቪዲዎቹ ምስጋና መንፈግ ግን አልፈልግም። ድምፁ በእውነት ድንቅ ነው። ዘፈኖቹ ከየአቅጣጫው በሚያሰማው አሠራር እንደገና ተቀናብረዋል፤ ጊታሩንና ኮረሱን ለይተህ ትሰማለህ። ከዚያ በላይ የምወደው ጊታሪስቱ ብራያን ሜይና ድራመሩ ሮጀር ቴይለር ክሊፖቹን እያዩ የሚሰጡትን አስተያየት ነው። ያልወደዱትን አልወደድነውም ይላሉ። ይህ ለአድናቂ ወርቅ ነው። እንዲህ የሚደክሙ ሰዎች ምስሉን እንዴት እንደዚያ አሳልፈው ሰጡት? እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ትልቁ ጉዳት ግን ያልወጣው ሦስተኛው ክፍል ነው። ሁለተኛው ዲቪዲ የሚያበቃው በ1989 ሥራዎች ላይ ነው። የ1991 ክሊፖች ውጭ ቀሩ። በቪዲዮ ካሴት ዘመን የነበረ ሰው ያውቃቸዋል፤ በዚያው ዓመት በወጣው «ግሬተስት ፍሊክስ 2» ላይ አብዛኞቹ ነበሩ። በዚህ ተከታታይ ግን ታሪኩ መጨረሻው ሳይነገር ተቋርጧል።

የቀሩት ደግሞ እነማን ናቸው? «አይም ጎይንግ ስላይትሊ ማድ» አለ። በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ፔንግዊንና ጎሪላ ያለበት። የባንዱ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ ፊቱን በወፍራም ሜካፕ ሸፍኖ፣ መክሳቱ እንዳይታይ ከሥር ደራርቦ ለብሶ ይጫወታል። ሩዲ ዶሌዛልና ሐነስ ሮሳከር የተባሉት ኦስትሪያውያን ናቸው ዳይሬክተሮቹ። «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን» አለ። ፍሬዲ ካሜራ ፊት መቆም ስላቃተው ክሊፑ የተሠራው ከቀድሞዎቹ ክሊፖችና ኮንሰርቶች እየተለቀመ ነው። ባንዱ ራሱ የገዛ ስብስቡን ከፍቶ አዲስ ሥራ ያወጣበት ነው። ከስብስቡ መቅረቱ እንዴት ያሳዝናል!

«ዚዝ አር ዘ ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ»ም አለ። የተቀረጸው በግንቦት 1991 መጨረሻ ነው። ፍሬዲ ካሜራ ፊት የቆመበት የመጨረሻው ክሊፕ ነው። ብራያን ሜይ ያን ቀን አልነበረም፤ የሱ ክፍል በኋላ ተቀርጾ ገባ። በቀለም የተቀረጸው በጥቁርና ነጭ የወጣው ሕመሙ እንዳይጎላ ነው። ፍሬዲ ድመቶች የተሳሉበት ሰደርያ ለብሷል። በመድረክ ላይ ሮጦ የማይጠግብ የነበረው ሰው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ቆሞ ይዘፍናል፤ እጆቹ ናቸው የሚሠሩት። ከስድስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን 1991፣ በ45 ዓመቱ አረፈ። ይህን ክሊፕ ስክሪን ለመሙላት ብሎ ከላይና ከታች የሚቆርጥ ሰው የሚወስደው እነዚያን እጆች ነው። እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስበት አልፈልግም። ጨርሶ ሳይወጣ እንዲቀርም አልፈልግም።

ከእንግዲህ ዲቪዲ ማን ይገዛል የሚል ይኖራል። በምን ይውጣ የሚለው አያስጨንቀኝም። ብሉሬይ ይሁን፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ ይሁን፣ ወይም በባንዱ የዩቲዩብ ቻናል ላይ በቅደም ተከተል ይደርደር። የምንፈልገው ከ1973ቱ የመጀመሪያ ቀረጻዎች አንስቶ እስከ 1991 ድረስ ያለው ሁሉ በተቀረጸበት ቅርጽ እንዲሰጠን ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ቢሆን ማንም አይሞትም። ስክሪኑን መሙላት የፈለገ የራሱ ሪሞት አለው፤ ያስፋው። የተቆረጠውን መልሶ የሚቀጥል ሪሞት ግን የለም።

የሚያጣድፈውም ነገር አለ። ብራያን ሜይ የተወለደው በ1947፣ ሮጀር ቴይለር በ1949 ነው። ቤዚስቱ ጆን ዲከን ከሕዝብ ፊት ከራቀ ቆይቷል። ስለ 1991ዱ ክሊፖች፣ ካሜራው ሲጠፋ ስቱዲዮ ውስጥ ምን ይባባሉ እንደነበር ሊነግሩን የሚችሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ለቀድሞዎቹ እንዳደረጉት ተቀምጠው ይዩአቸውና ይናገሩ። ዛሬ ብራያንም ሮጀርም አሉ፤ ቀረጻው አሁኑኑ ይጀመር።