ምድር የማይነካ ምድር ባቡር

ድሬዳዋ ያለው አጎቴ ጉልበቱን የጨረሰው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ቴሌግራም ሆኗል። ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላከልኝና በድምፅ አስከተለበት፦ «አንተ ልጅ፣ እናንተ አገር ባቡር ከሀዲዱ ብድግ ብሎ ይሄዳል አሉ። እዚያ ቁጭ ብለህ ይሄን አትነግረኝም?»

ቪዲዮው የኔቮሞ ነው፤ ዋርሶ ላይ የተቋቋመ የፖላንድ ጀማሪ ኩባንያ። እኔ ያለሁት ሙኒክ ነው። ለአጎቴ ግን ከጅቡቲ ወዲያ ያለው ሁሉ «እናንተ አገር» ነው።

ሙኒክ ላይ ስለ ማግኔት ባቡር፣ ማለትም በማግኔት ኃይል ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ባቡር፣ ማንሳት ደግሞ ቁስል መነካካት ነው። ኸርማን ኬምፐር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ለሐሳቡ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1934 ነበር። በኋላ እንዲህ ያለ ባቡር ከሙኒክ ዋና ጣቢያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው 37 ኪሎ ሜትሩን በ10 ደቂቃ ሊያደርስ ታቅዶ፣ የባቫሪያው መሪ ኤድሙንድ ሽቶይበር ስለዚያች 10 ደቂቃ ሲያስረዱ ምላሳቸው የተሳሰረበት ንግግር ዛሬም ያስቃል። ወጪው ከ3 ቢሊዮን ዩሮ ሲያልፍ ዕቅዱ እ.ኤ.አ. በ2008 ተሰረዘ። ያው የጀርመን ባቡር ግን ሻንጋይ ላይ ሰው ያመላልሳል፤ እኛ ሻንጣችንን ታቅፈን 40 ደቂቃ እንንቀረፈፋለን።

የኔቮሞ ሰዎች ከዚህ የተማሩ ይመስለኛል። አዲስ መስመር ይሠራልን አይሉም። ነባሩን ሀዲድ ሳይነቅሉ በሁለቱ ብረቶች መሐል ሞተሩን ይዘረጉታል። ለአጎቴ «ሞተሩ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ፉርጎው የሚሸከመው ማግኔት ነው» ስለው ወዲያው ገባው። ሲነሳ እንደማንኛውም ባቡር በብረት መንኮራኩሩ ይንከባለላል፤ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሀዲዱ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኖቫ ሳዢና በተባለ ቦታ፣ ከ700 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ሀዲድ ላይ፣ 2 ቶን የምትመዝን መሞከሪያ እስከ 135 ኪሎ ሜትር በሰዓት በርራለች። ተሳፋሪ የለባትም፤ ርዝመቷም 6 ሜትር ብቻ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሙዚቃ ግን የጨረቃ ጉዞ ያስመስላታል።

አጎቴን የማረከው ፍጥነቱ አልነበረም። «አሮጌውን ሀዲድ አልጣሉትም?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ በ1917 እ.ኤ.አ. የደረሰው የእሱ ሀዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ሆኖ በሌላ በኩል ሄደ። እውነቱን ለመናገር አሮጌው የዛሬውን ጭነት አይችልም ነበር። ይሄን ለአጎቴ መንገር ግን አልደፈርኩም።

ዳያስፖራው «እኛስ መቼ ነው የምንበረው?» እያለ ቪዲዮውን ሲቀባበለው ሳይ ይገርመኛል። የእኛ መስመር ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው። ከፊት የሚመጣውን ለማሳለፍ ጣቢያ ላይ የሚቆም ባቡር ቢበር ምን ይጠቅመዋል? እኔን ብትጠይቁኝ ለመብረሪያ የሚወጣ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ለሁለተኛ ሀዲድና ለመለዋወጫ ይዋል።

አጎቴ ግን ሌላ ነገር ይዟል። «የሞተሩን መዳብ ሜዳ ላይ ዘርግተው ማን ይጠብቅላቸዋል?» አለ። ጀርመን አገርም ከባቡር መስመር ላይ መዳብ እየተሰረቀ ጉዞ እንደሚስተጓጎል ስነግረው አላመነኝም። «ለማጽናናት ነው» ብሎ ሳቀ።

ማታ ሌላ ድምፅ ላከ፦ «የእኛ ባቡር ሲመጣ ምድሩ ይርዳል፤ ግመሏም በእግሯ ታውቀዋለች። ይሄኛው ምድር ካልነካ በምን ትወቀው? ጡሩንባ አላቸው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።»