ለቡናችን የማንነፍገውን ጥላ ለሰው ነፈግን

የጅማ ልጆች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቅር ቢያሰኛችሁም ስሙኝ። ሁላችንም ደክሞናል። ማታ ቤት ስንገባ ልጅ ላይ እንጮኻለን። እንቅልፍ እምቢ ይለናል። ጠዋት እንደተነጫነጭን እንወጣለን። ሲጠይቁን ኑሮ ውድነቱ ነው እንላለን። እሱስ አለ፣ ማን ይክዳል? ግን የድካማችንን ከፊል በገዛ እጃችን ያመጣነው እኛው ነን።

እስቲ ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ በእግራችሁ ሂዱ። የእግረኛው መንገድ ላይ አንዱ ፍራሽ ደርድሯል፣ ሌላው አሸዋ አፍስሷል፣ ባጃጁም ወጥቶ ቆሟል። ልጅ ያዘለች እናት ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። ከኋላዋ ክላክስ ይጮህባታል። ክው ትላለች፣ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ልጇን ደገፍ ታደርጋለች፣ ትወጣለች። ትንሽ ሳትራመድ ደግሞ ትወርዳለች። ሰው በደነገጠ ቁጥር ልቡ ይመታል፣ ደም ግፊቱ ይጨምራል። ይህ ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ሰውነት መቼ ይረፍ? ፍራሹን እዚያ የደረደረው ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም። እኛ ነን።

ሱቅህ በር ላይ ሞንታርቦ አቁመህ ቀኑን ሙሉ የምታስጮህ ወንድሜ፣ አንተንም እወቅሳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ የመኪና መንገድ ድምፅ በአማካይ ከ53 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው)፣ ሌሊት ደግሞ ከ45 እንዳይበልጥ ይመክራል። ሁለት ሰዎች በወጉ ሲያወሩ እንኳ 60 ገደማ ይደርሳል። አንተ ለምጄዋለሁ ትላለህ። ጆሮ ግን ተኝተንም ይሰማል፤ ባንነቃ እንኳ ሰውነታችን እንደ አደጋ ቆጥሮት ይረበሻል። ከሱቅህ በላይ የምትኖረው ሕመምተኛ ምን አደረገችህ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዛፉ ነገር ነው። እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን። ቡና ያለ ጥላ እንደሚጎዳ ከአባቶቻችን ተምረናል፤ ገበሬው ዋንዛውንና ሰሳውን የሚያቆየው ለዚህ ነው። ከተማ ስንገባ ግን ታፔላችን እንዲታይ ብለን የመንገድ ዳር ዛፍ እንቆርጣለን። ቤት ስንሠራ ግቢውን ጥግ እስከ ጥግ ሊሾ እናደርገዋለን። ቀን ፀሐዩን ይጠጣል፣ ማታ ሙቀቱን መልሶ ይተፋብናል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውሃው የሚሰርግበት መሬት ያጣል። ጅማ ላይ ዝናብ እንዴት እንደሚወርድ ለእናንተ አልነግርም።

ዛፍ ለጌጥ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ስሙ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በ1984 ያሳተመው ጥናት አለ። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕመምተኞች አነጻጸረ። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ማየቱ ብቻ ይህን ካደረገ ከሥሩ መቀመጡ ምን ያደርግ!

አዌቱ መሀል ከተማችንን አቋርጦ ይፈሳል። ሌላ አገር ሰው እንዲህ ያለ ወንዝ ቢያገኝ ዳሩ ላይ ይናፈስበታል። እኛ ፌስታል እንጥልበታለን፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ እንለቅበታለን፣ ከዚያ አፍንጫችንን ይዘን ድልድዩን እንሻገራለን። ይህ ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

መንግሥት ኮሪደር ይሠራል፣ መብራትም ይተክላል፤ ይሁን፣ ደግ ነው። ነገር ግን የተሠራው የእግረኛ መንገድ ላይ በማግስቱ ዕቃ ካወጣንበት ምን ዋጋ አለው? ዕቃችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ። ሞንታርቦውን ቀንሱ። ዘንድሮ ክረምት ደጃችሁ ላይ አንድ ዋንዛ ትከሉና አጥር ሥሩለት፣ ፍየል እንዳይበላው። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራም አትቅሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ፣ ማንም ሰው ከቤቱ በ300 ሜትር ውስጥ ግማሽ ሄክታር የሚያህል አረንጓዴ ቦታ ሊያገኝ ይገባል ይላል። የእኛ ሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሽማግሌዎች አረፍ የሚሉበት ቦታ በፕላኑ ላይ የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ። ካሳዩዋችሁ፣ ማንም አጥሮ እንዳይወስደው ዛሬውኑ ችግኝ ይዛችሁ ሂዱ።