ስቲሙለሱን የሚልከው ዋሽንግተን ነው፣ የሚያደርሰው ግን ስቴቱ

አሜሪካ ውስጥ ኢኮኖሚው በተናጋ ቁጥር የሐበሻ ወሬ ሁሉ ስለ ፕሬዚዳንቱ ይሆናል። ኦባማ ይህን ያህል ቢሊዮን ፈቀደ፣ ትራምፕ ቼኩ ላይ ስሙን አሳተመ፣ ባይደን 1,400 ጨመረ። ስለ ስቴቱ ገዥ የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገኝም። ከመካከላችን ስሙን እንኳ የማያውቅ ሞልቷል። ባለፉት ሁለት ትልልቅ ሪሴሽኖች (የኢኮኖሚ ድቀቶች) የታየው ግን ሌላ ነው። ለሰው በቀጥታ የተላከውን ቼክ ትተን፣ ከዋሽንግተን ከወጣው ስቲሙለስ (የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ገንዘብ) ብዙው ሰው ቤት ከመድረሱ በፊት በስቴት ቢሮ ያልፋል። እዚያ አንዳንዱ ይዘገያል፣ አንዳንዱ የበጀት ቀዳዳ ይደፍናል፣ አንዳንዱም "አንፈልግም" ተብሎ ይመለሳል። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ችግሩ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ሲቀንስበት ይበደራል። ስቴቶች እንዲህ ማድረግ አይችሉም። ከቨርሞንት በስተቀር 49ኙም በጀታቸውን የማመጣጠን ግዴታ አለባቸው። ለድልድይ ይበደራሉ፤ ለአስተማሪ ደመወዝ ግን አይሆንም። ሪሴሽን ሲመጣ ሰው ሥራ ያጣል፣ የገቢ ግብሩም የሽያጭ ታክሱም ይወርዳል። በዚያው ሰሞን ለሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) የሚያመለክተው ሰው ይበዛል። ገዥው እንግዲህ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ታክስ ይጨምራል፣ ወይም ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ያወጣል። ዋሽንግተን ነዳጅ ሲረግጥ ስቴቶቹ ፍሬን ይይዛሉ።

2009ን እናስታውስ። ኦባማ 787 ቢሊዮን ዶላሩን የፈረሙት ፌብሩዋሪ 17 ነው። አምስት ወር ሳይሞላ የካሊፎርኒያ ካዝና ባዶ ሊሆን ደረሰ። ገዥው አርኖልድ ሽዋርዜኔገርና ምክር ቤቱ በበጀቱ መስማማት አቃታቸው። ስቴቱም የታክስ ተመላሽ ለሚጠብቁ ሰዎችና ዕቃ ላቀረቡ ነጋዴዎች በገንዘብ ፈንታ የዕዳ ወረቀት ይልክላቸው ጀመር። ኦክቶበር ላይ እከፍላለሁ፣ 3.75 በመቶ ወለድም አለው የሚል ወረቀት ነው። ትልልቆቹ ባንኮች ለጥቂት ቀን ተቀበሉት፤ ከዚያ በቃን አሉ። የስቴቱ ሠራተኞች በወር ሦስት አርብ ያለ ደመወዝ እቤታቸው ዋሉ። ሃዋይ ደግሞ በዚያው የትምህርት ዘመን 17 አርብ ትምህርት ቤቶቿን ዘጋች። ልጅ ያለው ሰው አርብ አርብ ልጁን የት እንደሚያደርግ መላ ሲፈልግ ከረመ።

ቴክሳስ ከሁሉም ትገርመኛለች። ገዥው ሪክ ፔሪ ስቲሙለሱን ሲያወግዙ ነበር። ለሥራ አጦች ድጎማ የቀረበላቸውን 555 ሚሊዮን ዶላርም፣ የስቴታችንን ሕግ ያስቀይረናል ብለው አልተቀበሉም። በዚያው ዓመት ግን የስቴቱ የበጀት ጉድለት ወደ 6.6 ቢሊዮን ነበር፣ ወደ 6.4 ቢሊዮን የሚሆነውን የደፈኑት በዚሁ በሚወገዘው የስቲሙለስ ገንዘብ ነው። ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን አልነኩም። በ2011 የፌዴራሉ ገንዘብ ሲያልቅ ምክር ቤቱ ከትምህርት ቤቶች ወደ 5.4 ቢሊዮን ዶላር ቆረጠ፤ ለክፉ ቀን በተባለው ሣጥን ውስጥ ግን ቢሊዮኖች ቀርተው ነበር። ከዚያ የባሰ ክፉ ቀን የትኛው ይሆን?

አንቀበልም ያሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። የሳውዝ ካሮላይናው ማርክ ሳንፎርድ አብዛኛው ለትምህርት የተመደበ 700 ሚሊዮን ዶላር አልወስድም ብለው፣ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው በግድ ያስወሰዳቸው። የፍሎሪዳው ሪክ ስኮት ከታምፓ ኦርላንዶ ሊዘረጋ ለነበረው ፈጣን ባቡር የተመደበውን 2.4 ቢሊዮን መለሱት። ባቡሩ ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የተመለሰው ብር ግን ለፍሎሪዳ ግብር ከፋይ አልተመለሰም፤ ካሊፎርኒያን ጨምሮ ሌሎች ስቴቶች ወሰዱት።

የዚያ ዘመን ትልቁ ስህተት ግን የገዥዎቹ እልህ አልነበረም። ገንዘቡ ቶሎ ማለቁ ነው። ለስቴቶች የተሰጠው እርዳታ በ2 ዓመት ገደማ ሲያበቃ የታክስ ገቢያቸው ገና አላገገመም ነበር። ሪሴሽኑ በወረቀት ላይ በ2009 አጋማሽ አልቋል፤ ስቴቶችና ከተሞች ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሠራተኛ ሲቀንሱ ቆዩ። በጠቅላላው ከ700,000 በላይ ሥራ ጠፋ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አስተማሪዎች ናቸው።

ወደ 2020 የኮሮና ጊዜ እንምጣ፣ ወደ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ)። ቨርጂኒያ፣ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ አንዲት እህትና ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ሆቴል የምትሠራ ጓደኛዋን አስቡ። ሥራቸው አንድ ነው፣ የሚሳለሙት ቤተክርስቲያንም አንድ ነው። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ከሥራ ተቀነሱ። የፌዴራሉ ተጨማሪ በሳምንት 600 ዶላር ለሁለቱም እኩል ነው። ከሥሩ ያለው የስቴቱ አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ክፍያ) ግን ለየቅል ነው፤ የሳምንቱ ጣሪያ ቨርጂኒያ 378፣ ሜሪላንድ 430፣ ዲሲ 444 ነበር። ፍሎሪዳ ቢሆኑ ደግሞ 275። ያም ማመልከቻው ካለፈ ነው። ቨርጂኒያ ፋይላቸው ጥያቄ ላስነሳባቸው ሰዎች ውሳኔ ለመስጠት ወራት በመውሰድ በአገሪቱ ጭራ ላይ ከነበሩት አንዷ ስለነበረች፣ ሠራተኞች በ2021 ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሷት። ስልክ ደውሎ ሙዚቃ እየሰሙ መጠበቅ፣ ከዚያ መስመሩ ጥርቅም ማለቱ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። እንግሊዝኛው ላልሰላ ሰው ደግሞ ድርብ መከራ።

የቤተስዳዋም አልተረፈችም። ገዥው ላሪ ሆገን በ2021 የፌዴራሉን ተጨማሪ ክፍያ ጁላይ 3 ላይ ላቋርጥ ነው አሉ። ኮንግረስ የፈቀደው እስከ ሴፕቴምበር ነበር። ከሃያ በላይ ስቴቶችም እንዲሁ አድርገዋል፤ ሰው ወደ ሥራ አልመለስ አለ በሚል። ሜሪላንድ ውስጥ የባልቲሞር ዳኛ አገደውና ክፍያው ቀጠለ። ብሩ የፌዴራል ነው፣ ስቴቱን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። እንዲህ ያለውን መመለስ ምን እንደሚባል እኔ ስም የለኝም።

ዲሲ ደግሞ ስቴት አይደለችምና ፍዳዋን አየች። በማርች 2020 የኮሮና እርዳታ ሕግ ትንሿ ስቴት እንኳ ቢያንስ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ስታገኝ፣ ዲሲ ከፖርቶ ሪኮና ከጉዋም ተርታ ተመድባ ወደ 500 ሚሊዮን ብቻ ደረሳት። ነዋሪዋ ከዋዮሚንግም ከቨርሞንትም ይበልጣል። የቀረው 755 ሚሊዮን የተካሰው ከዓመት በኋላ በባይደን ሕግ ነው።

ያ የ2021 ሕግ ለስቴቶችና ለከተሞች 350 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። በዚህም ተቺዎቹ እውነት አላቸው፤ ገንዘቡ የመጣው ዘግይቶ ነው፣ ያለ ልክም ነው። በ2020 ጸደይ ሁለት ወር ውስጥ ስቴቶችና ከተሞች ወደ 1.5 ሚሊዮን ሥራ አጥፍተው ነበር፣ ያኔ የተሰጣቸው 150 ቢሊዮን ግን የገቢ ጉድለት እንዳይደፍኑበት ተከልክለው ነው። ብሩ በገፍ ሲመጣ ደግሞ ብዙዎቹ አገግመዋል። ካሊፎርኒያ በሜይ 2020 የ54 ቢሊዮን ጉድለት አለብኝ ብላ ስታለቅስ፣ በዓመቱ 75 ቢሊዮን ተረፈኝ አለች። አላባማ 400 ሚሊዮኑን እስር ቤት ልሥራበት አለች።

ለዚህ መፍትሔው ያን ያህል የሚያስቸግር አይመስለኝም። እርዳታው ከስቴቱ የሥራ አጥ ቁጥር ጋር ይታሰር። ቁጥሩ ሲወጣ ብሩ በራሱ ይለቀቅ፣ ሲወርድ ይቁም። ትምህርት ቤት የሚቆርጥ ስቴት አያግኝ። የአንኢምፕሎይመንት ጣሪያም አንድ ዝቅተኛ አገራዊ ልክ ይውጣለት። "ቆጣቢው ስቴት ለምን ላባካኙ ይክፈል?" የሚሉ አሉ። የቴክሳስን 6.4 ቢሊዮን ላየ ሰው፣ ማን ቆጣቢ ማን አባካኝ እንደሆነ መለየቱ ቀላል አይደለም።

የኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2011 ለሜዲኬይድ ድጎማ ተመሳሳይ ነገር ቀምሮ አቅርቦ ነበር፤ እርዳታው ሪሴሽን ሲጀምር በራሱ እንዲነሳ፣ ሲያልፍ እንዲቀንስ የሚያደርግ። ኮንግረስ ሕግ አላደረገውም። ስለዚህ ቀጣዩ ሪሴሽንም ሲመጣ ሴኔቱ ለወራት ይጨቃጨቃል፣ ስቴቶቹም እስከዚያው አስተማሪ ይቀንሳሉ።